ካልሲ ውስጥ ያለችው አራስ

መዝገቡ ጤነኛ ሰው ነው። ይህ አስቀድሞ ይነገርለት፤ ባለፈው ነሐሴ በአየር ማረፊያው የሠራተኞች ፓርኪንግ ውስጥ በአራት እግሩ ሲድህ ያዩት ሁሉ እንዲህ ብለው አልመሰከሩለትማ። ካልጋሪ አየር ማረፊያ ሻንጣ ይጭናል፣ ሻንጣ ያወርዳል። ሺፍት አስቀርቶ አያውቅም። ቅዳሜ ገበያ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን። መጠጥ የለ፣ ቁማር የለ። ሚስቱ ሳምሪ ግን ለጓደኞቿ ስታወራ፣ ምነው መጠጥ በሆነልኝ፣ መጠጥ እንኳ ማስተው ይቻላል ትላለች። የመዝገቡ ሱስ ንግሥት ጉንዳን ነው።

ነገሩ የጀመረው ዋይትሆርን ሰፈር የአንድ ቤት ምድር ቤቱን በተከራዩ በመጀመሪያው ሰመር ነው። ዝናብ ጥሎ ፀሐይ እንደ ወጣች፣ ከደጃፉ የሲሚንቶ ስንጥቅ ውስጥ ክንፍ ያላቸው ጉንዳኖች እንደ ሠርገኛ ተግተልትለው ሲወጡ አየ። ምንድን ናቸው ብሎ ስልኩን ቢጠይቅ፣ ለካ እውነትም ሠርገኞች ናቸው። በዓመት አንድ ጊዜ ሴቱም ወንዱም ይበራል፣ አየር ላይ ይጋባሉ፣ ወንዱ ወዲያው ይሞታል። ንግሥቲቱ መሬት ወርዳ ክንፏን በገዛ እግሯ ገንጥላ ትጥልና ጉድጓድ ፈልጋ ትገባለች፤ ከዚያ ዕድሜ ልኳን ትወልዳለች። መዝገቡ ይህን ያነበበ ዕለት እራቱን ረሳ። አንዲት ሴት ብቻዋን፣ ያለ ዘመድ ያለ ወረቀት፣ ሰው አገር ገብታ አገር ትመሠርታለች እያለ ሳምሪን ሲያደርቃት አመሸ። ሳምሪ በበኩሏ አረጋውያን የምትንከባከብ ሆም ኬር ሠራተኛ ናት፤ ቀኑን ሙሉ እንቢ ያለ ሽማግሌ ስታባብልና ስታጎርስ ውላ ስለምትመጣ፣ የጉንዳን ሠርግ የምትሰማበት ጆሮ አልነበራትም።

መዝገቡ ጆሮ አላጣም። ጉንዳን የሚያረቡ የካልጋሪ ሰዎች ግሩፕ አለና እዚያ ገባ። በግሩፑ ውስጥ ዳግ የሚባል ጡረታ የወጣ ኤሌክትሪሽያን አለ። ሰው የያዛትን ንግሥት ከላይ፣ ከጎን፣ ከፊት ፎቶ አንስቶ ይልካል፤ የት እንደ ያዛት፣ መቼ እንደ ያዛት፣ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነች ይጽፋል፤ ዳግ ደግሞ ዘሯን ይናገራል። ዘሯ ካልታወቀ አያያዟ አይታወቅም። አንዳንዷ በሯን ዘግታ፣ ልጆቿ ለሥራ እስኪደርሱ ድረስ እህል በአፏ ሳይዞር ትቀመጣለች፤ ቀለቧ የክንፏ ጡንቻ ነው፣ እሱኑ እያቀለጠች ራሷንም ልጆቿንም ትመግባለች። አንዳንዷ ግን ካልበላች አለቀላት። ሌላዋ ደግሞ ዓይነ ደረቅ ናት፤ ሰው ቤት፣ ማለትም የሌላ ዘር ጉንዳን ቤት፣ ሰርጋ ገብታ በሠራተኞቻቸው ካልተገለገለች በቀር ጎጆ መውጣት አይሆንላትም።

መዝገቡ እስካሁን ሦስት ንግሥቶች ቀብሯል። የመጀመሪያዋ ጥቁር ግዙፍ ነበረች፣ ከሚጾሙት ዘር። ዘሯን አውቆላታል፤ ችግሩ፣ ወለደች አልወለደችም እያለ የምትኖርበትን የመስታወት ቱቦ በየሰዓቱ እየከፈተ ሲያያት ደንግጣ እንቁላሎቿን በላች። ሳምሪ ይህን የሰማች ጊዜ ለሳምንት ያህል ወደ ቱቦው አልቀረበችም። ሁለተኛዋ ውሃ ገብቶባት ሰጠመች። ሦስተኛዋ ዓይነ ደረቋ ነበረች፤ ትልቅ ጭንቅላቷንና ትንሽ ሆዷን አይቶ፣ ምስኪን ሳትበላ ቀርታ ነው ብሎ ብቻዋን አስቀመጣት። አገልጋይ እንደናፈቀች ሞተች።

ሁሉም የኖሩት በሳምሪ ክሎዜት፣ ማለትም ልብስና ጫማዋን በምታስቀምጥበት ጓዳ፣ ውስጥ ነው። የማሞቂያው ቧንቧ በዚያ በኩል ስለሚያልፍ ሙቀቱ ልክ ነው፣ ጨለማ ነው፣ እግር አይበዛበትም። ስለዚህ የሳምሪ ጫማዎች አልጋ ሥር ተሰደዱ፣ የሐበሻ ቀሚሷ በር ላይ ተሰቀለ፣ ክሎዜቱን የመስታወት ቱቦና ጥጥ ወረሰው። ሦስተኛዋ ስትሞት ሳምሪ መረራት። ባሏን ለሽማግሌ ከሰሰችው።

ሽማግሌው ጋሼ ወልደየስ ናቸው፤ ሲጋቡ የመረቋቸው፣ በከተማው ሐበሻ መካከል ስንቱን ባልና ሚስት ያስታረቁ ሰው። በገንዘብ የተጣላ፣ በአማት የተጣላ፣ በስልክ የተጣላ አስታርቀዋል፤ ጉንዳን የገባበት ትዳር ግን ሲገጥማቸው የመጀመሪያው ነበር። ከዘራቸውን ተደግፈው የሁለቱንም ቃል ሰሙ። መዝገቡ ሲያስረዳ አንዴ ሳቅ አመለጣቸውና በሳል አስመስለው አሳለፉት። በመጨረሻ ፈረዱ። መዝገቡ አንዲት ንግሥት ብቻ ይጨመርለት። እስከ እንቁጣጣሽ ከወለደች ክሎዜቱ የጉንዳን ሆኖ ይቀራል፤ ካልወለደች ወይም ከሞተች ቱቦው ሁሉ ይወጣል፣ ጫማው ይገባል፣ በዚያ ቤት ጉንዳን የሚባል ነገር ሁለተኛ አይነሣም። መዝገቡ እጅ ነሥቶ ተቀበለ። ሳምሪም ሳቋን አፍና ተቀበለች፤ ጫማዎቿን መመለሷ ነው።

ሐምሌ በሙሉ ሰማዩን ሲያይ ከረመ። ዝናብ ሲኖር ሺፍት፣ ሺፍት ሳይኖር ድርቅ። የሠርጉ ወቅት ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው፣ በፍልሰታ መግቢያ ሰሞን ከሥራ ወጥቶ ወደ መኪናው ሲሄድ፣ ዝናብ የመታው አስፋልት ገና እየተነነ፣ ከፊቱ አንዲት ቀላ ያለች፣ ሆዷ ጠቆር ያለ፣ ክንፏን የጣለች ንግሥት ስትራመድ አየ። ተንበረከከ ማለት ያንሳል፤ ተነጠፈ። ከኪሱ የማትጠፋው ብልቃጥ ያን ዕለት ሌላ ሱሪ ውስጥ ቀርታለች። ንግሥቲቱ ወደ ፒክአፕ ሥር ስታመራ በአራት እግሩ ተከተላት። የሥራ ባልደረባው አይቶት ምን ጠፋብህ ቢለው፣ ንግሥት አለው፤ ሰውየው ሁለተኛ አልጠየቀውም።

መዝገቡ ሲጨንቀው የማንበቢያ መነጽሩን ማኅደር ከፈተ፣ መነጽሩን አውጥቶ የመኪናው ጣሪያ ላይ አኖረ፣ ንግሥቲቱን በማኅደሩ አፈሳት። ከዚያ በደስታ ጮቤ እየረገጠ መኪናውን አስነሥቶ ነዳ። መነጽሩ የት ላይ እንደ ወደቀ እስከ ዛሬ አይታወቅም።

ይህን ለሳምሪ ይንገራት? ምን በወጣው! በጉንዳን መነጽሬን ጣልኩ ብሎ በገዛ አፉ ማስረጃ ሊሰጣት? በድብቅ አዲስ አዘዘ፣ ሳምንታት ይፈጃል ተባለ፣ እሱም አፍንጫው ሥር ያለውን ነገር ሁሉ በጭጋግ እያየ ከረመ። ንግሥቲቱን ቱቦ ውስጥ አስገብቶ፣ በግምት ለክቶ፣ ከላይ አንድ ፎቶ አንሥቶ ለዳግ ላከ። ዳግ መለሰለት፦ ከላይ ስትታይ ፎርሚካ የሚባለውን ዘር ትመስላለች፣ ግን እርግጠኛ አይደለሁም፤ ወገቧን ከጎን አሳየኝ፤ ወገቧ ላይ ያለው ጉብታ አንድ ነው ወይስ ሁለት?

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጉብታው አንድ ከሆነ ፎርሚካ ናት፣ ትጾማለች፣ መንካት የለም። ሁለት ከሆነ ግን ሌላ ወገን ናት፣ ካልበላች ትሞታለች። መዝገቡ ቱቦውን ዓይኑ ሥር አስጠጋ፣ ክንዱን ዘርግቶ አራቀ፣ ወደ መስኮት ወሰደ። ጭጋግ። ደግሞ ንግሥት እንዲህ ወዲያ ወዲህ አይደረጋትም፣ ያችን እንቁላሏን የበላችውን አልረሳም። ከሦስቱ ቀብር የተማረው ትምህርት ቢኖር አትንካ የሚል ነውና፣ ልቡ አንድ እንዲሆን ፈለገ። ልቡ ከፈለገ በኋላ ዓይኑም አንድ አየ። አንድ ነው ብሎ ጻፈ። እንግዲያማ ፎርሚካ ናት፣ ዘግተህ እርሳት አለው ዳግ። መዝገቡም ጥቁር ካልሲ ቱቦው ላይ አጥልቆ ክሎዜቱ ውስጥ አስቀመጣትና፣ እስከ እንቁጣጣሽ ብከፍት እጄ ይቆረጥ ብሎ ማለ።

ያን ዕለት ማዕድ ላይ ጎረቤታቸው እትዬ ቆንጅት ነበሩ። እትዬ ቆንጅት የወንጌል አማኝ ናቸው፣ ፍልሰታን አይጾሙም፣ ግን የሳምሪን የጾም ሽሮ አያልፉም። ከዋይትሆርን እስከ ኢንተርናሽናል አቬኑ ሐበሻ ሴት ከወለደች ገንፎ ይዘው ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። መዝገቡ ኮራ ብሎ፣ ንግሥቲቱ ጾም ገብታለች፣ እስከ አዲስ ዓመት ምንም አትቀምስም አለ። ሳምሪ እጇን ከማዕዱ መለሰች።

“ወልዳለች?”

“ወይ ወልዳለች፣ ወይ ዛሬ ነገ ትወልዳለች።”

“እንግዲያው አራስ ናት።”

“አዎ፣ አራስ ናት።”

“አራስ ከመቼ ወዲህ ነው የምትጾመው?”

መዝገቡ ስለ ክንፍ ጡንቻ ረዥም ትምህርት ሰጠ። እትዬ ቆንጅት አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙና፣ የእናንተም ቤተ ክርስቲያን የኛም ቸርች በዚህ አይለያዩም፣ አራስ ዘግቶ ማስራብ ግፍ ነው አሉ። መዝገቡ ሳቀ፣ እነሱም ሳቁ። ከዚያ ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ያን አስተያየት መዝገቡ መነጽር ቢኖረውም አያየውም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ሳምንታት ለመዝገቡ ሲኦልም ገነትም ነበሩ። መሐላውን ጠበቀ፣ አንድ ቀን እንኳ አልከፈተም። ሻንጣ ሲጭን፣ ወልዳ ይሆን? ሲያወርድ፣ ሞታ ይሆን? ቤት ሲገባ ክሎዜቱ በር ላይ ጆሮውን ለጥፎ ያዳምጣል፤ ምን እንደሚሰማ እሱም አያውቅ። አንዳንድ ነገር ግን ገረመው። ማሩ ማሰሮ ውስጥ እየጎደለ ሄደ፤ ሳምሪ ለሻይ ነው አለችው፣ ሳምሪ ሻይ በማር ጠጥታ አታውቅም። አንድ ቀን ክሎዜቱ ገንፎ ገንፎ ሸተተው፤ አይ ፍልሰታ፣ አፍንጫዬንም አስራበው ብሎ አለፈ። ሌላ ቀን ከሥራ ሲመለስ እትዬ ቆንጅት ሶፋው ላይ ተቀምጠው ጠቋሚ ጣታቸውን በበረዶ ይዘዋል፣ ጣቱ ቋሊማ አክሏል። ምን ሆነው ነው ቢላቸው፣ ነደፈኝ አሉ። ምን ነደፈዎት ሲል ሳምሪ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ፣ ንብ አለች። እትዬ ቆንጅት ውሸት አይወዱምና፣ ወዲያው ቦርሳቸውን አንሥተው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

እንቁጣጣሽ ደረሰ። አዲሱ መነጽር በዋዜማው በፖስታ መጥቶለት፣ ለክብሯ ብሎ ሳያደርገው ኪሱ ይዞት አደረ፤ መጀመሪያ የማየው እሷን ነው አለ። ጋሼ ወልደየስ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። እትዬ ቆንጅትም መጡ፣ ጣታቸውን ነጠላ ውስጥ ሸሽገው። እንኳን አደረሳችሁ ተባባሉ፣ ተሳሳሙ፣ ጋሼ ወልደየስ ተቀመጡና ፍርዱን አስታወሱ። መዝገቡ ወደ ክሎዜቱ ሄደ። የጨነቀው ስለ ንግሥቲቱ ብቻ አይደለም፤ ይቺ ከሞተች እዚህ አገር ከሥራና ከእንቅልፍ ሌላ የኔ የሚለው ነገር አለቀ። ካልሲውን በሁለት እጁ ይዞ አመጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ጎተት አደረገው።

ቱቦው ውስጥ፣ ጥጡ ሥር፣ የእህል ቅንጣት የማያክሉ ነጫጭ እንቁላሎች ተቆልለዋል፤ ያለ መነጽር እንኳ ቁልሉ ታየው። ንግሥቲቱ ከላያቸው ቆማ ትልሳቸዋለች። መዝገቡ ዘሎ ጋሼ ወልደየስን አቀፋቸው፣ ከዘራቸው ወደቀ። እትዬ ቆንጅት እልልታውን አቀለጡት። ሳምሪ እንኳ፣ ጫማዎቿን ያጣችው ሳምሪ፣ ፊቷ በራ።

ከዚያ መዝገቡ አዲሱን መነጽር አደረገ። ቱቦውን ከጎን አየ። ወገቧ ላይ አንድ ጉብታ አለ። ከኋላው ሌላ አለ። መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ እንደገና አየ። ሁለት ነው። ሶፋው ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠና፣ መነጽሩን የመኪናው ጣሪያ ላይ ረስቶ እንደ ጣለ፣ ሳያይ አንድ ብሎ እንደ ጻፈ፣ ሁሉንም ዘረገፈው። ፎርሚካ አይደለችም፣ መብላት ያለባት ናት፣ ፍልሰታን ሙሉ በረሃብ ቀጥቻታለሁ፣ ዛሬ ነገ ትሞታለች አለ። ከዚያ የጎኗን ፎቶ ለዳግ ላከ።

ዳግ መልእክት አልጻፈም፣ ደወለ። መዝገቡ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ ለጋሼ ወልደየስ ያስተረጉም ጀመር። ማኒካ የሚባለው ዘር ናት አለ ዳግ፣ ድምፁ በደስታ እየዘለለ፤ በግሩፑ እስካሁን ማንም ይዞ አያውቅም፣ አሳድጎ ማስወለድማ ጭራሽ። ምን እየመገብካት ነው? ምንም አለ መዝገቡ። እንዲያ ከሆነ ይሄ ተአምር ነው አለ ዳግ።

ጋሼ ወልደየስ ተአምር የሚለውን ሲሰሙ ብድግ ብለው አማተቡ። ፍጥረት ሁሉ ጾምን ያውቃል ለካ፣ በፍልሰታ ጾማ የወለደች ጉንዳን፣ ይህን እሑድ ለምእመናን ሳልናገር አላድርም አሉ። ከዘራቸውንም አነሡ። እትዬ ቆንጅት ፊታቸው ቀላ፣ ተቁነጠነጡ፣ ሳምሪን አዩ፣ ጣሪያውን አዩ። አልቻሉም።

“ጋሼ ወልደየስ፣ ተአምር አይደለም። ማር ነው።”

ጣታቸውንም ከነጠላው አውጥተው ዘረጉ፤ እብጠቱ ቢጎድልም ምልክቱ አልጠፋም። ከዚያማ ማን ያቆማቸው! መዝገቡ ሺፍት ሲገባ እሳቸው ይገቡ ነበር። በመጀመሪያ የወጉን ገንፎ አገንፍተው፣ በርበሬው ለአራሷ ይከብዳል ብለው ትተው፣ በክብሪት እንጨት ጫፍ ሰጧት፤ ዞር ዞር ብላ አይታው ተወችው። ቅቤ ጨመሩ፣ ተጠየፈች። ሳምሪ ማር ጠብ ስታደርግላት ግን ተንደርድራ መጥታ እስኪበቃት ጠጣች። እትዬ ቆንጅት ማር ብቻ ወገብ አያጠናም ብለው በነጠላ ጫማቸው ዝንብ መቱላት፤ ዝንቡን ጎትታ ወሰደችው። በየቀኑ እንዲህ ሆነ። አንድ ቀን ጥጡ ላይ ያለውን ፍርፋሪ በጣታቸው ሊያነሡ ሲሉ ነደፈቻቸው፣ በኢየሱስ ስም ብለው ሲጮሁ ፎቅ ያለው ተከራይ ወለሉን ደበደበ።

ይህ ሲተረጎምለት ዳግ ከስልኩ ማዶ እስኪያስለው ሳቀ። ፎርሚካ መርፌ የላትም፣ አትናደፍም አለ፤ ማኒካ ግን ትናደፋለች። ያቺን ጣት ያኔ ብታሳየኝ ኖሮ ፎቶም አልጠይቅህ ነበር፣ የጉንዳኗ ዘር እዚያ ጣት ላይ ተጽፏል። እትዬ ቆንጅት ይህን ሲሰሙ ጣታቸውን እንደ ሜዳልያ አዩት።

መዝገቡ ግን ወደ ሳምሪ ዞሮ ነበር።

“ብትተያት ኖሮ ትሞት ነበር። ክሎዜቱም ያንቺ ነበር።”

“አውቃለሁ።”

“ታዲያ?”

“ታዲያ ምን ላድርግ? አራስ በቤቴ በረሃብ እየሞተች ጫማ ልደርድር?”

መዝገቡ አዲሱ መነጽር በእንባ ጨለመበት። እስከዚያ ቀን ድረስ ሚስቱ ጉንዳኖቹን የምትጠላ፣ በሱም የምትስቅ ይመስለው ነበር። አሁን ከሺፍት ወደ ሺፍት ስትሮጥ፣ እየጾመች፣ ክሎዜት ውስጥ ተንበርክካ ማር ጠብ ስታደርግ ታየችው። እወድሻለሁ ሊል አፉን ከፈተና፣ ሽማግሌ ፊት ስላፈረ፣ ጉብታው እኮ ሁለት ነው አለ። ሳምሪ ግን ገብቷታል፤ ገና በሙሽርነታቸው እንደሚያውቀው አድርጋ ሳቀች።

ጋሼ ወልደየስ ተአምሩ ቢያመልጣቸውም ሥልጣናቸው አላመለጣቸውም። ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መታ መታ አድርገው ፈረዱ። አራሷ ወልዳለች፣ ስለዚህ ክሎዜቱ የጉንዳን ነው። ነገር ግን አራስ የጠያቂዋ ናት፣ የዘጋባት አይደለችም፤ ስለዚህ ንግሥቲቱ ከዛሬ ጀምሮ የሳምሪ ናት፣ መዝገቡ ሊያያት ሲፈልግ ያስፈቅዳል። ሳያይ አየሁ ስላለ ደግሞ ካሣ አለበት፤ ጾሙ ተፈቷል፣ ለጠያቂዎቿ ገንፎ ያገነፋል።

አገነፋ። ጓጎለ። እትዬ ቆንጅት በሕይወቴ እንዲህ ያለ ገንፎ ለጠላቴም አልወሰድኩ እያሉ ሁለት ጊዜ አስጨመሩ፣ ጋሼ ወልደየስ ጢማቸው ድረስ ቅቤ ሆኑ። ዳግ በዚያው ቀን ግሩፑ ላይ ፎቶዋን ለጠፈ፦ ማኒካ፣ ካልጋሪ፣ አርቢዋ ሳምሪ። ከበሉ በኋላ ሳምሪ እጇን ታጥባ፣ ጥጡን በቀስታ ነቀል አድርጋ ለአራሷ ማር ጠብ አደረገች። መዝገቡ መነጽሩን አድርጎ ከኋላዋ ቆሞ ተራውን ጠበቀ።

ጫማዎቿ እስከ ዛሬ አልጋ ሥር ናቸው።